እህልና እሸት፦ የዋሂል ገበታ ከታሪክ አንጻር

በአማርኛ «እህል» የሚለው ቃል የማሽላና የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ስም ብቻ አይደለም። ሰው ሳይመገብ መዋሉን ሲናገር «እህል ባፌ አልዞረም» ይላል። የሁለት ሰዎች የአብሮነት ዘመን ማብቃቱን ሲገልጽ «እህል ውኃቸው አለቀ» ይላል። እህል የመብል ሁሉ፣ የኑሮም ጭምር መጠሪያ ሆኗል። ለቅጠላ ቅጠል ግን ቋንቋው የሰጠው ቦታ ሌላ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል ላይ ላዩን ሲያዩት ጎመንን የሚያወድስ ይመስላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ሰው ሰላምና ጤና ካገኘ በጎመንም ቢሆን ይኖራል የሚል ነው። በአባባሉ ውስጥ ጎመን የማጣት መለኪያ ሆኖ ቀርቧል።

ይህ የቋንቋ ልማድ ለጤና ባለሙያ ተራ ነገር አይደለም። በዘመናችን በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ለታካሚዎች ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «ካርቦሃይድሬት የበዛበትን ምግብ ቀንሱ፤ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሩ» የሚለው ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ ሳይንሳዊ መሠረትም አለው። ይሁን እንጂ ለአንድ የዋሂል ገበሬ ሲነገር፣ «ቀንስ» የሚባለው በገበታው ላይ ያለው በሙሉ፣ «ጨምር» የሚባለው ደግሞ በገበታው ላይ የሌለው ሆኖ ይገኛል። ገበታው እንዲህ ሊሆን የቻለው ከጥንት ጀምሮ ስለነበረ ነውን? ወይስ በታሪክ ሂደት የተፈጠረ ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ምክሩን እንዴት መስጠት እንደሚገባ ይወስናል።

ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር የሚገኝ አካባቢ ነው። የአስተዳደሩ የገጠር ቀበሌዎች በአራት ክላስተር ተመድበው ሲሠራባቸው ዋሂል ከቢዮ አዋሌ፣ ከጀልዴሳና ከአሰሊሶ ጋር አንዱ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 341,834 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 108,610 ያህሉ በገጠር የሚኖር ነበር። የዚህ ገጠር ዋና ሰብል ማሽላ ነው፤ በኦሮምኛ «ምሲንጋ» ይሉታል። ከማሽላው ጎን በቆሎ ይዘራል፤ ፍየል፣ በግ፣ ከብትና ግመል ይረባል፤ ውኃ በሚገኝበት ቦታ ጫትና አትክልት ይተከላል። ዝናቡ አነስተኛና እምነት የማይጣልበት በመሆኑ የዓመቱ ኑሮ በማሽላው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከምድር ባቡር በፊት

ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ በጀልዴሳ በኩል ያልፍ ነበር። ግመሎች ከባሕር ጨርቅና ጨው ይዘው ይመጣሉ፤ ከደጋው ቡናና ቆዳ ይዘው ይመለሳሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 (እ.ኤ.አ.) ሐረር ሲገባ በመንገዱ የማሽላ ማሳዎችን፣ በከተማይቱ ዙሪያም የፍራፍሬ፣ የቡናና የጫት አትክልት ቦታዎችን አይቶ ጽፏል። ስለዚህ እህልም ሆነ ለምለም ነገር ለምሥራቁ አገር እንግዳ አልነበረም።

በቆላው ግን የገበታው አሠራር ከደጋው የተለየ ነበር። ማሽላው እንጀራም፣ ቂጣም፣ ገንፎም ሆኖ ሆድ ይሞላል፤ ገንፎውን በአካባቢው «መርቃ» ይሉታል። የማሽላውን ጉድለት የሚሞላው በዋነኛነት ወተት ነበር። በቆላው ከሚኖሩት አርብቶ አደሮች ጋር ወተትና ቅቤ በእህል ይለወጥ ነበር። የግመል ወተት ከላም ወተት ይልቅ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ መሆኑ በዘመናዊ ምርመራ ታውቋል፤ ፍራፍሬ በሌለበት በረሃ ሕዝቡ ጤናውን ጠብቆ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ትኩስ ምግብ በዚያ ዘመን ከገበያ የሚገዛ ሳይሆን ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ ነበር። በክረምት ሣሩ ሲለመልም ወተት ይበዛል፤ የዱር ቅጠላ ቅጠልም ይበቅላል። በመስከረምና በጥቅምት የማሽላው እሸት ይደርሳል። እሸት ገና ፍሬው ወተት እንደያዘ የሚጠበስ ለጋ እህል ነው። አገዳው ጣፋጭ የሆነውን ማሽላ፣ ጥንቅሹን፣ ልጆች እየላጡ ያኝኩታል። ከኅዳር በኋላ ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ደርቆ ወደ ጎተራ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የበጋ ወራት የደረቅ እህል ጊዜ ነው። እንግዲህ ዓመቱ የእሸት ወራትና የጎተራ ወራት ተብሎ የተከፈለ ነበር።

ይህን ስንል የድሮው ገበታ ጎደሎ አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው «ክፉ ቀን» ሲመጣ የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣ ተከተለ። ክፉ ቀን በብዛት የሚታወሰው በእህል እጦት ነው። ነገር ግን አስቀድሞ የጠፋው በሬውና ላሟ ነበሩ፤ ማለትም ማረሻውና ወተቱ። ከብቱ ሲያልቅ እህሉም ወተቱም በአንድ ጊዜ ከገበታ ወረዱ። በክፉ ቀን የወተት መጥፋት የረሃብ መቅድም እንጂ ተከታይ አልነበረም።

ባቡሩ ያመጣውና የወሰደው

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ በመጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በደቻቱ ወንዝ ዳር አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ የጀልዴሳ የቅፍለት ጣቢያነት አከተመ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ድሬዳዋ የባሕርና የመሀል አገር ማገናኛ ሆነች።

ከተማይቱ የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድ፣ የየመንና የፈረንሳይ ነጋዴዎችና ሠራተኞች የሰፈሩባት ስለነበረች፣ አመጋገቧም ከመጀመሪያው ጀምሮ የብዙ አገር ነበር። የፉርኖ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ስኳርና የታሸገ ምግብ በባቡር ገቡ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ፓስታና መኮሮኒ ተስፋፉ። ከእነዚህ ምግቦች አብዛኞቹ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ደረቅ፣ ለማጓጓዝ የሚቀሉ፣ ሳይበላሹ የሚቆዩና በካርቦሃይድሬት የበለጸጉ ናቸው። ረጅም መንገድ የሚችል ምግብ በጠባዩ እህል ነው። የግመሉ ቅፍለትም፣ ባቡሩም፣ ኋላ የመጣው የጭነት መኪናም ከሩቅ ሲያመጡ የሚያመጡት በአመዛኙ ደረቁን ነው።

ወደ ባሕር የሚወርደው ግን ለጋው ሆነ። ከሐረማያና ከኮምቦልቻ አካባቢ ማሳዎች ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ለድሬዳዋ፣ ለጅቡቲና ለሶማሌ ገበያዎች መቅረብ ጀመረ፤ ምሥራቅ ሐረርጌ እስከ ዛሬ በዚህ ንግድ ይታወቃል። በድሬዳዋ ከፊራ ገበያ መንደሪን፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ዘይቱን ተከምሮ ይታያል። ጫቱም ትኩስ ካልሆነ ዋጋ ስለሌለው በተቆረጠበት ቀን ወደ ከተማና ወደ ጅቡቲ ይሮጣል። ገበሬው ከቡናና ከማሽላ መሬት ቀንሶ ለጫት መስጠቱ በሐረርጌ ግብርና ታሪክ በሰፊው የተመዘገበ ለውጥ ነው።

እዚህ ላይ ገበሬውን «ያመረተውን የማይበላ» ብሎ መውቀስ አይገባም። አንድ ቅርጫት ቲማቲም ወይም አንድ እስር ጫት የሸጠ ሰው በገንዘቡ እህል ቢገዛ ለቤተሰቡ ብዙ እጥፍ ካሎሪ ይዞ ይገባል። በችግር ላይ ያለ ቤተሰብ በብሩ መጀመሪያ የሚገዛው ጥጋብን ነው፤ ጥጋብ በርካሽ የሚገኘው ደግሞ ከእህል ነው። ስለሆነም ለጋው ነገር ዋጋ ባወጣ ቁጥር ከአምራቹ ገበታ እየራቀ፣ ደረቁ እህል በቦታው እየተተካ መጥቷል። ገበያው በቀረበ ጊዜ ገበታው በመስፋት ፈንታ የጠበበበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አትክልቱ ራሱ የቆመበት ውኃም አልጸናም። የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ ሲሳብ፣ ከተራቆቱት ተዳፋቶች በሚወርድ ደለልም ሲሞላ ቆይቶ በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ ደረቀ። ከዓመታት በኋላ በከፊል ውኃ መልሶ መያዙ ቢያስደስትም፣ ትምህርቱ ግን የሚረሳ አይደለም። እህል ዝናብን ይጠብቃል፤ አትክልት ግን ዓመቱን ሙሉ ውኃ ይሻል። የዋሂል ሰው አትክልት የማያበዛው ጥቅሙን ስላላወቀ ብቻ ሳይሆን ውኃ ስለሌለው ነው።

ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ ተከላካይ

በኢትዮጵያ አመጋገብን በዘመናዊ ሳይንስ የመመርመሩ ሥራ ሰፊ መልክ የያዘው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ጋር በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ምግብ ጥናት ነው። ጥናቱ ካመለከታቸው ጉድለቶች መካከል የቫይታሚን ኤ እና የቫይታሚን ሲ ማነስ ይገኙበታል። ከዚያም በ1962 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቋመ፤ ይኸው ክፍል በ1968 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት ሆነ። ሕፃናት ከጡት ወደ እህል ሲሸጋገሩ የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከል ከስንዴ፣ ከሽምብራና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀው «ፋፋ» የዚህ ተቋም ፍሬ ነበር። የአገሪቱ ምግቦች የንጥረ ነገር ይዘት ሠንጠረዥም በዚሁ ዘመን ታትሟል።

በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረው የሦስቱ የምግብ ክፍሎች ሥዕልም ለብዙ የማኅበሩ አባላት የታወቀ ነው። እህልና ቅባት «ኃይል ሰጪ»፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ «ገንቢ»፣ አትክልትና ፍራፍሬ «ተከላካይ» ይባሉ ነበር። አከፋፈሉ ዛሬ በባለሙያ ዓይን ቀለል ያለ ቢመስልም አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እህል ከምግብ ክፍሎች አንዱ እንጂ ምግብ ራሱ አለመሆኑን «እህል» ብሎ መብልን ለሚጠራ ሕዝብ አስተምሯል።

በዚሁ ጊዜ ማሽላን የሚመለከት ሌላ ጥናት በሐረርጌ ምድር ይካሄድ ነበር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 (እ.ኤ.አ.) ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል በባቡር ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የሰብሎቿን ልዩ ልዩነት ለዓለም አሳውቆ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የማሽላ ምርምር ማዕከል ሆነ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት በዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳን መሪነት ሲጀመር የአገሪቱ የማሽላ ዘሮች በብዛት ተሰበሰቡ። በዚያው ዓመት ከዚህ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በማሽላ ምርምራቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላው የ1973 (እ.ኤ.አ.) ግኝት ነው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ራመሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዘሮችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከተራው ማሽላ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል የበለጠ ይዘት ያላቸው ሁለት ዘሮች አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። በወሎ ገበሬዎች ዘንድ እንዲህ ያሉት ማሽላዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» በሚሉ ስሞች ይታወቃሉ። ገበሬው ላይሲን የሚባል ነገር መኖሩን ሳይሰማ ስሙን በወተትና በማር ሰይሞታል። አበላሉም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነበር፤ ፍሬው ሲደርቅ ስለሚጨማደድና ምርቱም አነስተኛ ስለሆነ ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት ጥቂት እየተዘራ በእሸትነቱ እየተጠበሰ ይበላ ነበር። የእህሉ ምርጥ ክፍል ለጎተራ ሳይሆን ለእሸት ይተው ነበር ማለት ነው።

በሐረርጌም «ሙይራ» እና «ፈንዲሻ» የመሳሰሉ የቆዩ የማሽላ ዘሮች አሉ። የእርሻ ባለሙያው ለብዙ ዘመን ዘሮችን ሲለካ የኖረው በሄክታር በሚሰጡት ኩንታል ነው። ይህ ለረሃብተኛ አገር ተገቢ መለኪያ ነበር፤ ነገር ግን በኩንታል የማይመዘነውን የእሸትን፣ የጥንቅሽንና በማሳው ዳር የሚበቅለውን የቅጠል ምግብነት ከስሌት ውጭ አድርጎታል።

የራሽን ዘመን

እህል ብቻውን ምግብ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል በግልጽ የታየው በካምፕ ውስጥ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወላጆች በሶማሊያ በተቋቋሙ የስደተኞች ካምፖች ይኖሩ ነበር። የሚታደላቸው ራሽን እህል፣ ዘይትና ጥራጥሬን የመሳሰለ ደረቅ ምግብ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእነዚህ ካምፖች ስከርቪ ተነሣ፤ ድድ የሚያደማ፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና ሰውን የሚያሽመደምድ የቫይታሚን ሲ እጦት በሽታ ነው። ሐኪሞች ባደረጉት ምርመራ በካምፕ ብዙ የቆየ ሰው በበሽታው የመያዙ ዕድል ይበልጥ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩ የሚያስገርመው መድኃኒቱ ከታወቀ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ስለነበር ነው። ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747 (እ.ኤ.አ.) ብርቱካንና ሎሚ ስከርቪ የያዛቸውን መርከበኞች እንደሚፈውሱ በሙከራ አሳይቶ ነበር። በካምፕ የወደቁት ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ በወተት ያደጉ አርብቶ አደሮች ነበሩ። ከከብታቸውና ከግመላቸው ሲለዩ የተሰጣቸው ምትክ ካሎሪውን ቆጥሮ ለጋውን የዘነጋ ነበር።

ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የምግብ ዋስትና የሴፍቲኔት ፕሮግራም የድሬዳዋን ገጠር ጭምር አቅፎ ብዙ ቤተሰቦችን ከችጋር ታድጓል፤ በሥራቸውም እርከንና ኩሬ ተሠርቷል። በምግብ ሲከፈል የነበረው መለኪያ በቀን ሥራ 3 ኪሎ እህል፣ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ነበር። ይህ በቀን ግማሽ ኪሎ ይሆናል፤ በግምት 1,700 ካሎሪ፣ ከዚህም ውስጥ 350 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ቫይታሚን ሲ ግን ምንም የለውም። አዋቂ ሰው ከስከርቪ ለመዳን በቀን 10 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይበቃዋል፤ በከፊራ የሚሸጥ አንድ የበሰለ ዘይቱን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ፕሮግራሙ ኋላ ጥራጥሬ መጨመሩ ጉድለቱ እንደታወቀ ያሳያል። ያም ሆኖ ለረጅም ዘመን መንግሥትም ለጋሹም «ምግብ» ሲሉ «እህል» ማለታቸው ነበር፤ የቋንቋው ልማድ የዕቅድ ልማድም ሆኖ ቆይቷል።

የከተማው በሽታና የምክሩ ታሪክ

በሌላው የመንገዱ ጫፍ፣ በከተማው፣ ችግሩ በተቃራኒ መልክ መጣ። ተቀምጦ መሥራት፣ ሩዝና ፓስታ፣ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ሲበዙ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ተከተሉ። የኢትዮጵያ ስኳር ሕሙማን ማኅበር በ1984 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም በሽታው የጥቂት ባለጸጎች ነው የሚለው አስተሳሰብ እየቀረ ነበር።

ካርቦሃይድሬትን መቀነስ እንደ ሕክምና መታሰቡ ግን የቆየ ነው። ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ከልክ በላይ ወፍሮ ሲቸገር በሐኪሙ በዊልያም ሃርቪ ምክር ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ ክብደቱን መቀነሱን በ1863 (እ.ኤ.አ.) በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ኢንሱሊን በ1921 (እ.ኤ.አ.) በቶሮንቶ ከመገኘቱ በፊት አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ አለን ሕሙማኑን እህልና ስኳር ብቻ ሳይሆን ምግብን ሁሉ በማሳነስ ዕድሜያቸውን ለማራዘም ይጥር ነበር፤ ብዙዎቹ በበሽታው ፈንታ በረሃብ መንምነዋል። ኢንሱሊን ከመጣ በኋላ ምክሩ ቀስ በቀስ ላላ፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አሰር የበዛበትን እህል መጨመር ተመከረ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ስኳር ሕሙማን ማኅበር ባወጣው የስምምነት ሰነድ አጠቃላይ የካርቦሃይድሬት መጠንን መቀነስ የደም ስኳርን ለማሻሻል ከፍተኛ ማስረጃ ያለው ዘዴ መሆኑን ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ካርቦሃይድሬት በዋነኛነት ካልተፈተገ እህል፣ ከአትክልት፣ ከፍራፍሬና ከጥራጥሬ እንዲገኝ፣ አዋቂም በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ መክሯል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ የምክሩ አቅጣጫ ከዘመን ዘመን ተቀያይሯል፤ ስለዚህ ባለሙያው ትሕትና ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ባንቲንግ እህልና ድንች ሲተው ሥጋው፣ ዓሣውና አትክልቱ ከገበታው ላይ ነበሩ። ምክሩ የተወለደው ከተትረፈረፈ ገበታ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ከ100 ከ97 በላይ የሚሆኑት የሚመከረውን የአትክልትና የፍራፍሬ መጠን እንደማይመገቡ ታውቋል። ባለጸጋውም ድሀውም፣ ከተሜውም ገጠሬውም በዚህ ቁጥር ውስጥ አንድ ላይ ገብተዋል። ምክንያታቸው ግን አንድ አይደለም።

ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በጎንደር አካባቢ ገጠር በተደረጉ የሐኪሞች ክትትሎች ከስኳር ሕሙማኑ ብዙዎቹ ወፍራም ሳይሆኑ ቀጫጭን፣ ድሆችና ከልጅነታቸው በምግብ እጥረት ያደጉ ሆነው ተገኝተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን የስኳር በሽታ ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 (እ.ኤ.አ.) «ዓይነት 5» ብሎ ለይቶ አውቆታል። እንዲህ ላለው ሰው «እህል ቀንስ» ማለት ለአለን ሕሙማን የደረሰውን ረሃብ መመለስ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚያወርድ ክኒን እየወሰደ በድንገት እንጀራውን የቀነሰ ታካሚም የደም ስኳሩ ወርዶ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ማጠቃለያ

የዋሂል ገበታ ከጥንት ጀምሮ እህል ብቻ አልነበረም። ወተት በከብት እልቂትና በግጦሽ መጥበብ ቀነሰ፤ አትክልቱና ፍራፍሬው በገበያ ዋጋ ወደ ከተማና ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ ውኃው ራቀ፤ የዘር ምርጫው በኩንታል ተለካ፤ ርዳታው በኪሎ እህል ተሰፈረ። ገበታው በየደረጃው የጠበበ ከሆነ በየደረጃው ሊሰፋም ይችላል።

ስለሆነም ባለሙያው ምክር ከመስጠቱ በፊት ታካሚው ትናንት ምን እንደበላ፣ ወሩም የእሸት ነው ወይስ የጎተራ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ለገጠሬው ከመቀነስ በፊት መጨመር መቅደም አለበት። ከማሽላው እንጀራ ጋር የምስር ወይም የሽሮ ወጥ፣ በክረምት ቅጠላ ቅጠል፣ በወቅቱ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ወይም ያለ ገንዘብ የሚለቀመው የቁልቋል በለስ ሲጨመር የእህሉ ድርሻ ራሱ ይቀንሳል። መቀነስ ካስፈለገም አስቀድሞ የሚቀነሰው በገንዘብ የሚገዛው ነው፤ ይኸውም ስኳሩ፣ ለስላሳው፣ ሩዙና ፓስታው። የቤቱ ማሽላ የመጨረሻው ይሁን። በመድኃኒት ላይ ያለ ታካሚ የምግብ ለውጥ ሲያደርግ የመድኃኒቱ መጠን አብሮ መታየት አለበት።

ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ያለውም ሥራ የባለሙያው ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ሕዝቡ ከልዩ ልዩ የምግብ ክፍሎች እንዲመገብ ይመክራል፤ መመሪያው ዋሂል የሚደርሰው ግን በወረቀት ብቻ ከሆነ ፍሬ አይኖረውም። ራሽን ሲታቀድ ጥራጥሬና ትኩስ ምግብ እንዲታሰብ፣ ኩሬ ሲቆፈር ለጓሮ አትክልት ውኃ እንዲመደብ፣ ዘር ሲመረጥ የእሸቱ ጥቅም እንዲቆጠር መናገር ያለበት የሰውን አካል የሚያውቀው ባለሙያ ነው። የዋሂል ገበሬ የእሸትን ጣዕም ከማንም አስተማሪ አይሻም፤ የሚሻው እሸቱን ሳይሸጥ የሚበላበት አቅም ነው።